አባዬን ያስቆጣው ፍሎፒ

ሰባተኛ ክፍል በነበርኩበት ዓመት ቤታችን ዝም አለ። ከዚያ በፊት ዝምታ ምን እንደሚመስል አላውቅም ነበር። ሀዋሳ ላደገ ልጅ ዝምታ እንግዳ ነገር ነው። ገና ሳይነጋ ጉሬዛዎቹ ከዛፍ ዛፍ እየዘለሉ ያጉረመርማሉ፤ አባ ኮዳ የምንላቸው ትልልቆቹ ወፎች ቆርቆሮ ጣሪያችን ላይ አርፈው ቀጭ ቋ እያሉ ይንጎራደዳሉ፤ ትንሽ ቆይቶ የባጃጆቹ ጡሩምባ ይጀምራል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከሐይቁ በኩል ሲዞር የሚጠበሰውን ዓሣ ሽታ ከነሻጮቹ ጫጫታ ያመጣልን ነበር። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የአባዬ ድምፅ ነበር።

አባዬ የአንደኛ ደረጃ የሂሳብ መምህር ነው። ደመወዙ ከሂሳብ ይምጣ እንጂ ልቡ መዝሙር ላይ ነበር። የቤተ ክርስቲያናችንን መዘምራን ይመራል፤ አኮርዲዮን ይጫወታል፤ አንዳንዴም ራሱ መዝሙር ይደርሳል። ቅዳሜ ከሰዓት መዘምራኑ ግቢያችን ውስጥ ለልምምድ ሲሰበሰቡ እኛ የሰፈር ልጆች ሰኞ ማክሰኞ የምንዘልበትን መስመር ጥለን አጥሩ ሥር እንደረደራለን። አኮርዲዮኑ ከሳጥኑ ሲወጣ የቆዳና የአሮጌ እንጨት ሽታ ይመጣል፤ ሲከፈት ደግሞ መጀመሪያ በረጅሙ ይተነፍሳል። አባዬም አብሮት የሚተነፍስ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ጠባይ ነበረው። የሳተ ዜማ መስማት አይችልም። ምሳ እየበላን ራዲዮ ላይ የሚዘፍነው ሰው አንድ ቦታ ዝቅ ካለበት፣ ጉርሻውን ትሪው ላይ መልሶ ትክክለኛውን ያዜምና ወደ ምሳው ይመለሳል። እማዬ እየሳቀች፣ «ሰውየው እኮ አይሰማህም» ትለዋለች። «እኔ ግን እየሰማሁት ነው!» ይላታል። ሰርግ ቤት ሳይቀር እንደዚህ ያደርግ ስለነበር እማዬ እጁን ጠበቅ አድርጋ ይዛ ነበር የምትቀመጠው።

አንድ ቀን ጠዋት ክፍል ውስጥ፣ ጠመኔ እንደያዘ ወደቀ።

ሆስፒታል ስንት ቀን እንደቆየ አላስታውስም። የማስታውሰው ሲመለስ ነው። የአባዬ ወንድም አጎቴ ዱካሞና አንድ ጎረቤት ግራና ቀኝ ደግፈው አስገቡት። ቀኝ እጁ የሌላ ሰው እጅ ይመስል ጎኑ ላይ ተንጠልጥሏል። እኔ ሮጬ «አባዬ!» ብዬ ተጠመጠምኩበት። በግራ እጁ ራሴን ዳሰሰኝና አፉን ከፈተ። አፉ ተንቀሳቀሰ፣ ግንባሩ ተኮማተረ፣ የአንገቱ ሥር ተገተረ። በመጨረሻ የወጣው ቃል «እሺ» የሚል ነበር።

ከዚያ በኋላ የቀረችለት ቃል እሷ ብቻ ሆነች። ሲርበው እሺ፣ ሲጠግብ እሺ፣ ሲናደድ እሺ። የምንለውን ሁሉ ይሰማል፣ ይገባዋል፤ እሱ ለመናገር ሲሞክር ግን ሌሎቹ ቃላት የት እንደገቡ ይጠፋሉ። ሐኪሙ ስትሮክ በአንጎሉ የንግግሩን ቦታ እንደጎዳው፣ ጊዜ እንደሚፈልግ፣ ሊመለስም ላይመለስም እንደሚችል ለእማዬ ነገራት። እኛ ደግሞ እሱ አፉን ገና ሲከፍት መገመት ጀመርን። «ውሃ ነው? ትራሱን ላስተካክለው? መስኮቱ ይዘጋ?» እየተሻማን እንናገርለታለን። እሱ ዓይኑን ይጨፍናል።

መዘምራኑ ሊጠይቁት መጡ። አልጋውን ከበው፣ እሱ ራሱ ያስተማራቸውን መዝሙር በቀስታ፣ ለቅሶ ቤት እንደሚዘመር አድርገው ዘመሩለት። አባዬ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እነሱ ከሄዱ በኋላ እማዬ ራዲዮውን ከሶኬቱ ነቅላ ቁም ሣጥን ላይ ሰቀለችው፤ አኮርዲዮኑንም ከነሳጥኑ አልጋ ሥር ገፋችው። «ሙዚቃ የሚባል ነገር ከእንግዲህ አታሰሙት፣ ልቡን ይሰብረዋል» አለችኝ። ቤታችን ዝም ያለው በዚያን ቀን ነው።

እማዬ መሃል ከተማ ልብስ ስፌት ቤት ትሠራ ነበር። ጠዋት አባዬን አጥባ፣ አልብሳ፣ አብልታ ትሄዳለች፤ ምሳ ሰዓት በባጃጅ ትመጣለች፤ እንደገና ትመለሳለች። ከሳች። አጎቴ ዱካሞ ከአለታ ወንዶ መጥቶ ይህን ካየ በኋላ አንድ ሐሳብ አመጣ። አጎቴ ደግ ሰው ነው፤ ሐሳቡም የደግ ሰው ነበር። «እኛ ጋ ሰው ሞልቷል። እናታችንም አለች። ይዤው ልሂድ፣ አንቺም ሥራሽን ሥሪ፣ ልጅቷም ትማር» አላት። እማዬ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፊቼ ሲያልፍ መጥቶ ሊወስደው ተስማሙ። ይህን ሲነጋገሩ አባዬ አጠገባቸው ተቀምጦ ነበር። «እሺ» አለ። ምን ማለቱ እንደሆነ ማናችንም አላወቅንም፤ የጠየቀውም የለም።

ከእማዬ ስፌት ቤት ጎን አንዲት ጠባብ የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ነበረች። የፅጌ ሱቅ ናት። ፅጌ ኮሌጅ ጨርሳ ገና ሥራ የጀመረች ልጅ ናት፤ አባቷ የመንግሥት ሠራተኛ ሆነው ከደብረ ብርሃን ተዛውረው ነው ወደ ሀዋሳ የመጡት። ኮምፒውተር ሊያሠራ የሚመጣ ሰው ሁሉ በሩ ላይ ቆሞ፣ «ሠሪው የለም?» ይላታል። እሷም ብሎን መፍቻዋን አንስታ፣ «አለች፣ ይግቡ» ትላለች። ረቡዕና ዓርብ እማዬ ሽሮዋን ስታካፍላት፣ «ዛሬ ረስተሽ ቅቤ ጨምረሽ እንዳታስጾሚኝ!» እያለች ትቀልድ ነበር። እኔ ከትምህርት ቤት ስወጣ እማዬን የምጠብቃት እዚያ ነው።

በዚያ ሰሞን አንድ መሥሪያ ቤት አሮጌ ኮምፒውተሮቹን ሲያስወግድ ፅጌ የማይሠሩትን ሰብስባ አመጣች። ሱቋ እስከ ጣሪያው ሞላ። ቢጫ የለበሱ ኪቦርዶች፣ እንደ ድንጋይ የሚከብዱ ሞኒተሮች፣ ሆዳቸው የተከፈተ ሲፒዩዎች። አቧራቸው ሲሞቅ የተቃጠለ ፀጉር የሚመስል ሽታ አለው፤ ያ ሽታ ዛሬም የሆነ ቦታ ሲያገኘኝ ልቤ ደስ ይለዋል።

ፅጌ አንዱን ሲፒዩ ስታበራው ከሆዱ ውስጥ «ዝርርር፣ ዝም» የሚል ድምፅ ወጣ። ሌላውንም አበራችው፤ ደገመው፤ ግን ትንሽ ቀጠን ይላል።

«ይኼኛው ከፍ ይላል» አልኳት።

«ምኑ?»

«ድምፁ። የመጀመሪያው እንዲህ ነው...» ብዬ አዜምኩላት። «ይኼኛው ደግሞ እንዲህ።»

ፅጌ የያዘችውን አስቀምጣ አየችኝ። ድምፁ ከፍሎፒ ድራይቩ እንደሚመጣ አሳየችኝ፤ ያኔ ፍሎፒ ዲስክ የሚገባበት ያ ጠፍጣፋ ሣጥን። ውስጡ ትንሽ ሞተር አለች፤ ሞተሯ ዲስኩን የሚያነበውን ክፍል ወደፊትና ወደኋላ ትገፋለች። ስትፈጥን ድምፁ ይቀጥናል፣ ስትዘገይ ይወፍራል። «ኮሌጅ ሳለን በፕሪንተር ገመድ አምፖል ማብራትና ማጥፋት ተምረን ነበር» አለች፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ እንደምትናገር። «አምፖል ከታዘዘ ሞተርስ ለምን አይታዘዝም?»

እኔ ደግሞ ኪቦርዱን እያየሁ ነበር። በአንድ እጅ መጫን ይቻላል። አኮርዲዮን ሁለት እጅ ይፈልጋል፤ ይኼ ግን አንድ ጣት ይበቃዋል። ለአባዬ የሙዚቃ መሣሪያ እንሥራለት አልኳት። ፅጌ ስለ አባዬ ከእማዬ ሰምታለች። ወደ ቆሻሻው ክምር ዞራ፣ «ይኼ እንኳ ቆራሌው እንቢ ያለው ነው» አለች። ከዚያም ድራይቮቹን መፍታት ጀመረች።

በየቀኑ ከትምህርት በኋላ እንሠራ ነበር። የሚሠሩትን ሦስት ድራይቮች ከአንድ የተሰበረ ጠረጴዛ ሰሌዳ ላይ በብሎን አሰርናቸው፤ እንጨቱ ድምፁን እንደሚያጎላው ያገኘነው እንዲያው በአጋጣሚ ነው። የፕሪንተሩን ገመድ ጫፍ ቆርጣ፣ ክሮቹን ለይታ፣ እየበየደች ከየድራይቩ ጋር አገናኘች። የብየዳው ጭስ ዓይኔን ያቃጥለኝ ነበር፤ «ራቅ በይ» እያለች እሷም ታስነጥሳለች። ኮምፒውተሩ ውስጥ ደግሞ ፕሮግራም ጻፈች፤ አንድ ፊደል ሲጫን ሞተሯ በዚህን ያህል ፍጥነት ትሂድ የሚል። ፍጥነቱ ቁጥር ነው። ቁጥሩን የምታስገባው እሷ ነች፤ ልክ መሆን አለመሆኑን የምሰማው እኔ።

«አሁንስ?»

«ትንሽ ከፍ።»

«አሁን?»

«አለፈ፣ አለፈ! መልሺው።»

የመጀመሪያ ቀን የወጣው ድምፅ ቆርቆሮ ውስጥ የተዘጋ ንብ ነበር። ፕሪንተር ሊያሠሩ የመጡ ሴትዮ በስመ አብ ብለው ወጡ። እማዬ ከጎን ሱቅ መጥታ፣ «ምን እየፈጨሽ ነው?» አለቻት ፅጌን። ምን እየሠራን እንደሆነ አልነገርናትም። ለአባዬ ሙዚቃ እንዳላሰማው የከለከለችኝ እሷ ስለሆነች ፈራሁ።

ዜማው የአባዬ ነበር። ከመታመሙ በፊት የደረሰው፣ ስለ ንጋት የሚናገር መዝሙር፤ «ንጋት መጣ በሐይቁ ላይ፣ ምሕረትህን አየን» ይላል። «ምሕረትህን» የሚለው ላይ ዜማው ተራራ እንደሚወጣ ከፍ ይላል። ሁለቱ ድራይቮች ደህና ነበሩ። ሦስተኛዋ ግን ሰነፍ ነች። በተለይ እዚያ ከፍታ ላይ ስትደርስ አቅም አጥታ ትወርዳለች። ከእማዬ የስፌት መኪና ዘይት አምጥተን ቀባናት፤ ቁጥሩን ደጋግመን ቀየርነው፤ ስትቀዘቅዝ ልክ ትሆንና ስትሞቅ ደግማ ትወርዳለች። ሌላ የሚሠራ ድራይቭ ደግሞ ከክምሩ ውስጥ አላገኘንም።

ፊቼ ደረሰ። የበዓሉ ጭፈራ የቄጣላው ዜማ ከጉዱማሌ ሜዳ በኩል ነፋስ እያመጣው ቀኑን ሙሉ ይሰማ ነበር። በሌሎቹ ዓመታት አባዬ መጀመሪያ በትከሻው ተሸክሞ፣ ኋላም እጄን ይዞ ይወስደኝ ነበር። በዚያ ዓመት ወንበሩ ላይ ተቀምጦ በግራ እጁ ቀኝ እጁን ያሻል። እማዬ ልብሱን አጣጥፋ ሻንጣ ውስጥ ስታስገባ አየሁ። ልብሱ ላይ እንባዋ ይወድቃል፤ በመዳፏ ትጠርገውና ደግማ ታጣጥፋለች።

በማግስቱ ሮጬ ፅጌ ጋ ሄድኩ። «አጎቴ ቅዳሜ ይመጣል» አልኳት።

«ሦስተኛዋ አልተስተካከለችም እኮ» አለች።

«ግድ የለም።»

ቅዳሜ ከሰዓት በባጃጅ ጫንነው። ሞኒተሩን እኔ ታቅፌ፣ ሰሌዳውን ፅጌ ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ሲፒዩው እግራችን ሥር። ነጂው በመስታወቱ እያየን፣ «ቤት እየለቀቃችሁ ነው?» አለ። ቤት ስንደርስ አጎቴ ዱካሞ መጥቷል። ሻንጣው በር አጠገብ ቆሟል። እማዬ የያዝነውን ስታይ ግራ ገባት፤ ፅጌ ግን ጊዜ አልሰጠቻትም። «ከልጅዎ ጋር የሠራነውን መምህርን እናሳያቸውና እንሄዳለን» ብላ በአንቱታ አለሳልሳ ገባች። እማዬን ሌላ ጊዜ አንቺ ነበር የምትላት። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋነው። መብራት አለ። ኮምፒውተሩ እስኪነሳ ድረስ ሁላችንም ባዶውን ስክሪን እያየን ቆምን።

የአባዬን ግራ እጅ ይዤ ኪቦርዱ ላይ አስቀመጥኩት። «አባዬ፣ ይኼ በአንድ እጅ ነው የሚጫወቱት። አየህ? እዚህ ስትጫን...»

እጁን መልሶ ወሰደ። «እሺ» አለ፣ በቁጣ። ፊቱን አጠቆረ። እንደ ሕፃን መጫወቻ የተሰጠው መስሎት ይሆናል።

«ቆይ፣ አታስጨንቂያቸው» አለችኝ ፅጌ። «አንቺ ራስሽ ተጫወቺው።»

ተቀመጥኩና ጀመርኩ። ድራይቮቹ አጉረመረሙ። ሰሌዳው ነዘረ። እማዬ ዜማውን ስታውቀው እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ምሕረትህን» የሚለው ጋ ስደርስ ሦስተኛዋ እንደፈራነው ወረደች።

የአባዬ ፊት ጎምዛዛ ነገር እንደቀመሰ ሰው ተጨማደደ። «እሺ!» አለ። እጁን አወናጨፈ።

«በቃ ልጄ፣ ተይው» አለች እማዬ። «ነግሬሽ አልነበር? እያሳመምሽው ነው።»

ማቆም ነበረብኝ ይሆናል። ግን ፊቱን አየሁት። ያ ፊት መዘምራኑ ሲዘምሩለት ወደ ግድግዳው የዞረው ፊት አልነበረም። ምሳ ላይ ራዲዮ እየሰማ ጉርሻውን የሚመልሰው ሰው ፊት ነበር። ከመጀመሪያው ጀመርኩት። ዜማው ወጣ፣ ወጣ፣ ያ ቦታ ደረሰ፣ ሦስተኛዋ እንደገና ወረደች።

አባዬ ከወንበሩ ወደ ፊት ዘንበል አለ። አፉን ከፈተ።

«ም-ሕ-ረ-ት-ህን!» ብሎ ዘመረ። በትክክለኛው ከፍታ፣ በዚያ በምናውቀው ድምፅ። ድምፁ ትንሽ ሻክሯል፤ ቃሉ ግን ጥርት ያለ ነበር። በዚያም አላበቃም። «ምሕረትህን አየን፣ ንጋት መጣ በሐይቁ ላይ» ብሎ ዜማውን እስከ መጨረሻው ወሰደው፤ እኔም እጄን ከኪቦርዱ አንስቼ ነበር።

አባዬ ራሱ ከማናችንም በላይ የደነገጠ ይመስላል። እማዬ ወለሉ ላይ ተንበርክካ ጉልበቱን ያዘች። «ተናገርክ! ስሜን ጥራው እስቲ፣ አስቴር በል» አለችው። አባዬ አፉን ከፈተ፣ ግንባሩ ተኮማተረ፣ አንገቱ ተገተረ።

«እሺ» አለ።

የእማዬን ፊት ማየት አልቻልኩም። ፅጌ ግን ወደ እኔ ጎንበስ ብላ፣ «ድገሚው» አለችኝ በቀስታ። ደገምኩት። አባዬ ዘመረ። ሲናገር የሚጠፋበት ቃል ሲዘምር እየመጣ ነበር። ስሙን እንኳ መጥራት ያቃተው ሰው የደረሰውን መዝሙር ከነአዝማቹ ዘመረልን። አጎቴ ዱካሞ ቆሞ እያለቀሰ በሲዳምኛ አንድ ነገር አለው፤ አባዬም እንባውን በግራ እጁ ጠርጎ ሳቀ። ከወደቀ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው። አጎቴ ጥቂት ተቀምጦ አሰበና፣ «እስቲ ይቆይ» አለ። ሻንጣውን አንስቶ ራሱ ወደ ጓዳ መለሰው።

ሰኞ እማዬ ሆስፒታል ሄዳ ነገረቻቸው። ሐኪሙ አልተገረመም። አንዳንድ ሰው ንግግር ጠፍቶበት ዜማ ይቀርለታል፣ በዚያው ግፉበት አላት። ገፋንበት። ቤታችን ያበደ ሰው ቤት መሰለ። ለእያንዳንዱ ነገር ዜማ አወጣንለት። «ውሃ ስጪኝ» የራሱ ዜማ አለው፤ «መስኮቱን ክፈቱ» ሌላ ዜማ አለው። ዜማውን እኔ በኪቦርዱ እጫወታለሁ፣ አባዬ ይከተላል፤ ከብዙ ሳምንት በኋላ ዜማው እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ ቃሉ ብቻውን መቆም ይጀምራል። አንዳንዱ ቃል ቶሎ ቆመ። አንዳንዱ ዓመት ፈጀ። የእማዬን ስም መጀመሪያ የጠራው በዜማ ነው፤ አስቴር የሚለውን አራት ጊዜ የሚደግም ዜማ ራሱ ሠርቶ፣ በግራ እጁ እየተጫወተ። እማዬ ድስቱን ምድጃ ላይ ረስታ ቆማ ሰማችው። ወጡ አረረ፤ እሱንም በደስታ በላነው።

ሦስተኛዋን ድራይቭ በተመለከተ፣ አባዬ ሰላም አልሰጠንም። ፅጌ በመጣች ቁጥር እጇን ይዞ ወደ ሰሌዳው ይጎትታታል፤ ትክክለኛውን ድምፅ ያዜምላትና በጣቱ ወደ ድራይቯ ይጠቁማል። «መምህር፣ ይህቺ እኮ አርጅታለች፣ ይማሯት» ትለዋለች። «እሺ!» ይላል፤ ያ እሺ እንቢ ማለት እንደሆነ ያኔ ሁላችንም እናውቃለን። በመጨረሻ ሌላ ድራይቭ ከየት እንደሆነ ፈልጋ አምጥታ ገጠመችለት። ሰማ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ግንባሯን ሳማት።

የንቦቹ ማሽን፣ የሰፈር ልጆች እንደዚያ ነበር የሚጠሩት፣ አንድ እሑድም ቤተ ክርስቲያን ሄዷል። ሕፃናቱ እየሳቁ ዘመሩ፤ አባዬም ሲስቁ አልተቆጣም፣ ሲሳሳቱ ግን ተቆጣ። በኋላ ፓወር ሰፕላዩ ጭሶ ተቃጠለ፤ ድራይቮቹም አንድ በአንድ ደከሙ። ያኔ ግን አባዬ አይፈልጋቸውም ነበር፤ መዘምራኑ በአንድ እጅ የሚጫወተው ትንሽ የሙዚቃ ኪቦርድ ገዝተውለት ነበር። እማዬ ሰሌዳውን ለዶሮዎቹ ማደሪያ በር አደረገችው። ማንም አላዘነም።

ይህ ከሆነ ብዙ ዓመት ሆነው። እኔ ዛሬ እዚሁ ሀዋሳ ፋርማሲ ውስጥ እሠራለሁ፤ ከሙዚቃም ከኮምፒውተርም የራቀ ሥራ ነው። ፅጌ አግብታ አዳማ ገብታለች፤ ለበዓል ስትደውል መጀመሪያ የምትጠይቀው፣ «መምህር ዛሬ ማንን አረሙ?» ብላ ነው። የዛሬ ልጆች ሙዚቃ መሥራት ከፈለጉ ስልካቸውን አውጥተው ከበሮውንም፣ ክራሩንም፣ ዋሽንቱንም እዚያው ያገኙታል። አይከፋኝም፤ እንዲያውም እቀናለሁ። እኛ አንድ ድምፅ ለማግኘት አንድ ሳምንት ስንፈጅ እነሱ በአንድ ሻይ ሰዓት መዝሙር ይጨርሳሉ። ይናፍቀኛል የምለው፣ ገመዱ በተበየደ ቁጥር ይሠራ ይሆን አይሠራ እያልን ትንፋሻችንን የምንይዝበትን ያን ጊዜ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ወላጆቼ ቤት ነበርኩ። አባዬ አርጅቷል። ግን ቅዳሜ ከሰዓት አሁንም ሕፃናት መዘምራን ግቢው ውስጥ ይሰበሰባሉ፤ እሱ በግራ እጁ እየተጫወተ ያስተምራቸዋል። ንግግሩ ቀስ ያለ ነው፤ ቃል ሲጠፋበት ዛሬም በዜማ ይፈልገዋል። አዲስ የመጣ አንድ ልጅ ይህን ሲያይ ቆይቶ ጠየቀው፦

«መምህር፣ አንዳንዴ ለምንድን ነው እየዘመሩ የሚያወሩት?»

እማዬ ደንገጥ ብላ ልጁን ልትቆጣው ነበር። አባዬ በእጁ ከለከላት።

«ዋናው መንገድ...» አለና ቆመ። ቃሉ ጠፋበት። በከንፈሩ ትንሽ አዜመ፤ ልጆቹ ዓይን ዓይኑን እያዩ ቁጭ አሉ። «ዋናው መንገድ ተቆፍሯል። እኔ... በውስጥ ለውስጥ... ነው የምመጣው።»

«አሃ!» አለ ልጁ፣ በጣም ገብቶት። «አባቴም ባጃጁን እንደዚያ ነው የሚነዳው።»

አባዬ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜ የማየው ልጆቹን ነበር። አባዬ ቃሉን ሲፈልግ አንዳቸውም አልቀደሙትም፤ አንዳቸውም ውሃ ነው፣ መስኮት ነው ብለው አልተሻሙበትም። እኛ ያኔ እንደዚህ መጠበቅ አናውቅም ነበር። እነሱ እግራቸውን አነባብረው፣ አገጫቸውን በእጃቸው ደግፈው፣ ጊዜ የሞላው ሰው ይመስል እስኪጨርስ ጠበቁት። ሲጨርስ አዝማቹን ከመጀመሪያው ጀመሩት። አንዷ ልጅ ዝቅ ስላለችበት አባዬ አስቆማቸው።